የባበይ ቺንጋ

ከባበይ ወፍጮ ቤት በአንድ ግድግዳ ተለይቼ፣
ሳሙና በር ቁልቁለት ላይ፣ የኪራይ በሬን ዘግቼ፣
ሌሊት ሌሊት ከበሮ እፈልጋለሁ፤
ቆዳ የሌለው፣ መቺ የሌለው፤ በማውስ እደልቃለሁ።

ኮምፒውተሩ ከትምህርት ቤት ጨረታ የወጣ፣
ጎኑ ክፍት፣ አቧራ ጠጪ፣ ሲሞቀው የሚቆጣ፤
አንዷ ቁልፍ ወልቃለች፤ በጥፍሬ ነው የምነካት፤
ስፒከሮቹ አንዱ ከታክሲ፣ አንዱ ከባጃጅ፣
መንታዎች፣ ያልተወለዱ ካንድ እናት።

ሦስት ወር አንድ ምት ፈለግሁ።
ከፍላሽ የቀዳሁት ሁሉ ንጹሕ ነው፤ የታጠበ፣
እንደ ሆቴል አንሶላ፣ ማንም ሳይተኛበት የተደረበ።
ደረት ይደልቃል እንጂ ትከሻ አያባብልም፤
የጎንደር ትከሻ ደግሞ ጠሪውን ሳያውቅ "አቤት" አይልም።

አንድ ማለዳ፣ እንቅልፍ ሳይዞርብኝ፣
የጆሮ ማዳመጫዬን አወለቅሁ፤
ምቱ አልቆመም።
ግድግዳው ውስጥ ነበር።
ጧ። ጧ። ጧ።
ቆጠርሁ፦ በደቂቃ መቶ ሃያ ስምንት፤ አንዳንዴ አንድ ይጎድላታል፤
ቋቱ ሲሞላ ትጎተታለች፤ ሲጎድል እግር ይወጣላታል።
ቺንጋው ነው፤ ሁለቴ የተበጠሰው፣ ባበይ በሽቦ የቀጠለው፣
በዞረ ቁጥር ስፌቱ ፑሌጃውን በጥፊ የሚለው።

ስልኬን በስፖንጅ ጠቅልዬ ግድግዳው ላይ አሰርሁት፤
ሰባት ደቂቃ ቀዳሁ፤ ግማሹን ቆርጬ ጣልሁት።
ከሥሩ ባስ አነጠፍሁለት፤ ከላይ በአንቺሆዬ የተቃኘ
ክር የሚያህል ድምፅ፣ እየተገኘ የማይገኝ፣ እየጠፋ የተገኘ።
በመሃል የሴት ድምፅ ገብቷል፤ "ተረኛ ማነው?" የሚል፣
ከወረፋው፣ ከማዳበሪያ ከረጢቱ መሃል።
ልሰርዘው ጣቴ ሄዶ ነበር። ተውሁት።
በየአሥራ ስድስቱ ምት ትጠይቃለች፤
ማንም አይመልስላት።

ጥር ላይ፣ አዘዞ ሰርግ። የሙሽራው ወንድም፣ ዲጄ ሰጠኝ፣
"ሰው በልቶ ሲደክም" ብሎ ዐሥር ደቂቃ ሰጠኝ።
መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ "ጀነሬተር ነው?" አሉ፤
ልጆች ሣቁ፤ ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ ዘለሉ።
ከዚያ አንዲት ሴት፣ በየቅዳሜው ወረፋ ላይ የማያት፣
ስሟ እንደተጠራ ቀና አለች፤ ትከሻዋ ቀደማት።
ሌላዋ ተከተለች። ሌላዋም።
ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤
እግራቸው ግን ያን ወለል ያውቀዋል፣ ቆመው ያረጁበትን።

ባበይ አልጨፈረም። በሙሉ ልብስ፣ ክራባት ታስሮለት፣
ቅንድቡ ላይ ዛሬም ዱቄት፣ ሰርግ ያላጠበለት፣
ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ፤ ክንዴን ያዘ።
"በቆሎ ነው የምትፈጨው። ጤፍ ቢሆን ድምፁ ይሳሳል።
እዚህ ጋ፣ ስማ፣ ጠጠር ገብቷል፤ አውጥቼዋለሁ፤ ጥቅምት ይመስለኛል።"

ዝም አለ። ዝም ሲል ዱቄቱ ይበልጥ ነጣ።
"ኅዳር ላይ ሞተች፣ ቺንጋዬ። አዲሱ ከባሕር ዳር መጣ፤
ስፌት የለውም፤ ይዞራል፣ ይፈጫል፣ ትንፍሽ አይል፤
በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ ብል፣
ሚስቴ ሣቀችብኝ።"

እኔስ? ግድግዳው ዝም ማለቱን መች ሰማሁ?
ጆሮዬ ውስጥ እሷው ስትዞር ነው የከረመችው።

አሁን ማታ ማታ ይመጣል፤ ሦስት እግር ባለው ወንበሬ ይቀመጣል፤
"አንዴ" ይላል። አንዴ አሰማዋለሁ። ተነሥቶ ይወጣል።

ትናንት አዲስ ነገር ስሠራ፣ ባሱ ሊገጥምልኝ ጥቂት ሲቀር፣
መብራት ሄደ። አንድ ቆጣሪ ነው ያለን፤ በእሱም በእኔም በር።
ማራገቢያው ትንፋሹን ዋጠ። ወዲያ ማዶ ድንጋዩ
እየዘገየ፣ እየዘገየ፣
ቆመ።
ከቀሃ ወዲያ አንድ ውሻ ብቻ።
ከዚያ በግድግዳው በኩል፣ ዱቄት በዋጠ ጉሮሮ፦
"ሴቭ አርገሃል?"